የኮሌጅ ቤዝቦል ተጫዋች ለድራፍት መብቃቱን እንዴት ትመዝናላችሁ? የአሠራር መመሪያ

በየዓመቱ በፌብሩዋሪ አጋማሽ የኮሌጅ ቤዝቦል ሲጀመር ያው ጥያቄ ይመጣል። ልጁ ቤዝቦል የጀመረለት አባት ይጠይቀኛል፤ የክፍል ጓደኛው ተጫዋች የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይጠይቀኛል። «እገሌ 15 ሆም ረን መትቷል። በመጀመሪያው ዙር ይወሰዳል ማለት ነው?» መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አያልቅም። ስለዚህ የምሠራበትን መንገድ ከነቅደም ተከተሉ ጻፍኩት።

የሁሉም ደረጃ ዓላማ አንድ ነው። ልጁ ዛሬ ከሚያደርገው ነገር ውስጥ ከበረታ ተጋጣሚ ፊት የሚቆመው የትኛው ነው? ይህን ለመለየት ነው የምንደክመው።

ለማያውቅ ሰው አጠር ላድርገው። ፒቸር ኳሱን ይወረውራል፣ መቺ በባት (በመምቻ ዱላ) ይመታል፣ ካቸር ከመቺው ጀርባ ሆኖ ይይዛል። መቺው በሆም ፕሌት ቆሞ ይመታል፤ ቤዞቹን ዞሮ እዚያው ሲመለስ ነጥብ ነው። ሜዳውን አልፎ የሚወጣ ምት ሆም ረን ይባላል። ኢኒንግ ማለት ሁለቱም ቡድኖች በተራ የሚመቱበት የጨዋታ ክፍል ነው። የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት፣ በጁላይ ይካሄዳል። 30 ክለቦች በ20 ዙር ይመርጣሉ። አንድ የኮሌጅ ቡድን በመደበኛው ውድድር እስከ 56 ጨዋታ ይጫወታል። ከዚያ 64 ቡድኖች ወደ ብሔራዊው ውድድር ያልፋሉ፤ የመጨረሻዎቹ 8 በጁን ኦማሃ፣ ነብራስካ ላይ ይገናኛሉ። ለእናንተ ሥራ ዋናው ጊዜ ከማርች እስከ ሜይ ያለው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በብርድና በካፊያ ይቆማል፤ እርሳስ አይቆምም።
- በአውራ ጣት የሚጫን ስቶፕዎች። የስልኩም ይሠራል፤ ግን ስልክ ላይ ቁልፉን ለማግኘት ዓይናችሁን ከሜዳው ታነሳላችሁ። የምታጡት ያቺን ቅጽበት ነው።
- የቡድኑ የተጫዋቾች ዝርዝርና የውድድር ዘመኑ ቁጥሮች። ሁለቱም በየዩኒቨርሲቲው የስፖርት ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ።
- ያለፈው ክረምት ቁጥሮች፣ ማለትም ልጁ በእንጨት ባት የተጫወተባቸው።
- የፍጥነት መለኪያ ራዳር፣ ካላችሁ። ከሌላችሁ ብዙ ሜዳዎች ላይ የኳሱ ፍጥነት በሰሌዳው ላይ ይወጣል።
- ወፍራም ጃኬት። በማርች ቨርጂኒያ ውስጥ የምሽት ጨዋታ ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

1. መብቱንና ዕድሜውን አጣሩ

ሁሉም የኮሌጅ ተጫዋች አይመረጥም። በአራት ዓመት ኮሌጅ ያለ ተጫዋች ሦስተኛ ዓመቱን መጨረስ ወይም 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። በሁለት ዓመት ኮሌጅ ያሉት ግን በየዓመቱ መመረጥ ይችላሉ።

ከዚያ የልደት ቀኑን ጻፉ። «ሦስተኛ ዓመት» የሚለው ብቻውን አይበቃም። ሁለት ልጆች እኩል ቢመቱና አንዱ 20 ዓመቱ ሌላው 22 ቢሆን እኩል አይደሉም። ትልቁ ልጅ የሚጋጠመው አብዛኛውን ጊዜ ከሱ ከሚያንሱ ጋር ነው። ትንሹ ደግሞ ገና የሚያድግበት ጊዜ አለው። ክለቦች ለዕድሜ ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ፤ እናንተም ስጡት።

2. ቁጥሮቹን ከሜዳው በፊት አንብቡ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የመምታት አማካዩን (ከሙከራዎቹ ስንቱ ምት እንደሆነለት) ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማየው። አማካይ በዕድል፣ በደካማ ተከላካይና በሜዳው ስፋት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ቶሎ የማይዋሹት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ ስንት ጊዜ በዎክ (ፒቸሩ አራት ኳስ ከክልሉ ውጪ ወርውሮለት) ወደ አንደኛው ቤዝ እንደወጣና ስንት ጊዜ በስትራይክአውት (ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት) እንደወደቀ። ሁለቱንም ለመምታት በቀረበበት ጠቅላላ ጊዜ አካፍሉ።

እንበልና ሁለት መቺዎች አሉ። ሁለቱም 260 ጊዜ ቀርበዋል። የመጀመሪያው አማካዩ 0.360 ነው፤ 60 ስትራይክአውትና 20 ዎክ አለው። ሁለተኛው አማካዩ 0.320 ነው፤ 35 ስትራይክአውትና 45 ዎክ አለው። ሲካፈል የመጀመሪያው 23 በመቶ ይወድቃል፤ በዎክ የሚወጣው ወደ 8 በመቶ ነው። ሁለተኛው ወደ 13.5 በመቶ ይወድቃል፤ በዎክ የሚወጣው 17 በመቶ ነው። እኔ ሁለተኛውን እወስዳለሁ፣ ያለ ማመንታት። ምክንያቱም የሜጀር ሊግ መቺዎች ራሳቸው ከዓለም ምርጥ ፒቸሮች ፊት ቆመው የሚወድቁት ወደ 22 በመቶ አካባቢ ነው። ኮሌጅ ላይ ከዚያ በላይ የሚስት ልጅ ኳሱ ሲፈጥን ምን ሊውጠው ነው?

እውነተኛ ምሳሌ ከፈለጋችሁ አድሊ ረችማንን ውሰዱ። በ2019 ለኦሪገን ስቴት ሲጫወት አማካዩ 0.411 ነበር። ስካውቶችን (የክለቦቹን ተጫዋች መልማዮች) ያረጋጋቸው ግን 76 ዎክ በ38 ስትራይክአውት ነው፤ ልክ እጥፍ። በዚያው ዓመት ባልቲሞር ኦሪዮልስ በአንደኛ ምርጫ ወሰደው።

ለጉልበት ደግሞ ስላጊንግ የሚባለውን ቁጥር (ምቶቹ ያስገኙትን ቤዞች ሁሉ የሚቆጥረውን) ወስዳችሁ የመምታት አማካዩን ቀንሱበት። የቀረው ልጁ ከአንድ ቤዝ በላይ የሚያስኬድ ምት ምን ያህል እንዳለው ይነግራችኋል። አማካዩ 0.360፣ ስላጊንጉ 0.450 ከሆነ ልዩነቱ 0.090 ብቻ ነው። ያ ልጅ ኳሱን ይነካል እንጂ አይጎዳም።

ለፒቸርም ያው ነው። ስንት ነጥብ እንደተቆጠረበት ከማየታችሁ በፊት ስትራይክአውቱንና ዎኩን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ፖል ስኪንስ በ2023 ለኤልኤስዩ (ለሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) በ122 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ 209 መቺ በስትራይክአውት ሲጥል በዎክ የለቀቀው 20 ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ጥምርታ ማንም ሰው ሊያልፈው አይችልም፤ የፒትስበርግ ክለብም በአንደኛ ምርጫ ወሰደው። በሚቀጥለው ዓመት በናሽናል ሊግ (ከሜጀር ሊጉ ሁለት ክፍሎች በአንዱ) የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ።

3. ቁጥሩን ማን ላይ፣ የት እንዳገኘው ለዩ

የኮሌጅ ሳምንት ቅርጽ አለው። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ሦስት ጨዋታ ይደረጋል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ይገባል። አብዛኛው አሠልጣኝ ምርጥ ፒቸሩን ዓርብ ያሰልፋል። በሳምንቱ መሃል የሚወረውሩት ብዙ ጊዜ ወጣቶችና ተጠባባቂዎች ናቸው። ስለዚህ የልጁ 15 ሆም ረን ውስጥ ስንቱ ማክሰኞ እንደተመታ ቁጠሩ። የየጨዋታው ዝርዝር በገጹ ላይ አለ፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ቀጥሎ በኮንፈረንስ (ቡድኑ ባለበት ምድብ) ጨዋታ ብቻ ያለውን ቁጥር ለብቻ አውጡ። ኤስኢሲና ኤሲሲ በሚባሉት ጠንካራ ኮንፈረንሶች ውስጥ በየሳምንቱ መጨረሻ በኋላ ራሳቸው የሚመረጡ ፒቸሮች ይገጥሙታል። በትንሽ ኮንፈረንስ ያለ ልጅ ግን እንዲህ ያለ ፒቸር በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚያየው። ይህ ማለት ልጁ አይችልም ማለት አይደለም። እነዚያን ጥቂት ጊዜዎች ለይታችሁ ማየት አለባችሁ ማለት ነው።

ከፍታውንም አትርሱ። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለው የአየር ኃይል አካዳሚ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። የሱሉልታን አየር ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። አየሩ ሲሳሳ የተመታው ኳስ ርቆ ይሄዳል፣ የተወረወረውም ከርቭ እንደሚገባው አይታጠፍም። ስለዚህ እዚያ የመቺው ቁጥር ይጋነናል፣ የፒቸሩ ይጎዳል። በከፍታ ላይ የሚጫወት ልጅ ካጋጠማችሁ የሜዳውን ትታችሁ ከሜዳው ውጪ ያደረገውን እዩ። (ስኪንስም ሁለት ዓመት የተጫወተው እዚያው አካዳሚ ነው፤ ያኔ ካቸርም መቺም ነበር።)

4. በእንጨት ባት ያደረገውን ፈልጉ

ኮሌጅ ላይ ባቱ ብረት ወይም ኮምፖዚት ነው። ከ2011 ጀምሮ ኃይሉ ወደ እንጨቱ እንዲቀርብ በደንብ ተገድቧል። ቢሆንም ጥሩ የመምቻ ቦታው ከእንጨቱ ይሰፋል። ኳሱ እጁ አጠገብ ሲያገኘውም አይሰበርም። ፕሮፌሽናል ላይ ያው ምት ባት ሰብሮ ፒቸሩ እግር ሥር የሚንከባለል ኳስ ይሆናል።

መፍትሔው ክረምት ነው። ምርጦቹ የኮሌጅ ተጫዋቾች በሁለተኛ ዓመታቸው መጨረሻ ማሳቹሴትስ ውስጥ ወዳለው የኬፕ ኮድ ሊግ ይሄዳሉ። አሥር ቡድን ነው፣ ባቱ እንጨት ነው፣ መግቢያም አይጠየቅም። ቦስተን አካባቢ የምትኖሩ ዕድለኞች ናችሁ። ኮሌጅ ላይ ገናና የነበረ ልጅ ኬፕ ኮድ ላይ ስትራይክአውቱ በድንገት እጥፍ ከሆነ ከደብተራችሁ ላይ በቀይ አስምሩበት። እዚያም እዚህም ያው ከሆነ ግን ትልቅ ምስክር አገኛችሁ።

5. ዓርብ ሂዱ፣ ቀድማችሁ ግቡ

ጨዋታው ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ። የመምታት ልምምዱና የተከላካዮቹ ልምምድ የሚታየው ያኔ ነው። ጨዋታ ላይ ሾርትስቶፑ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከለው) አንድም ከባድ ኳስ ሳይመጣለት ሊያልፍ ይችላል። በልምምዱ ግን ደጋግሞ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ፊት ሮጦ ሲወረውር ታያላችሁ።

ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና ሻርለትስቪል ያለው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ናቸው። አትላንታ ያላችሁ ጆርጂያ ቴክን፣ ዳላስ ያላችሁ ፎርት ወርዝ ያለውን ቲሲዩን (ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን) ማየት ትችላላችሁ።

6. የምትቀመጡበትን ቦታ ምረጡ

ፒቸር ለማየት ከሆም ፕሌቱ ጀርባ ተቀመጡ። የኳሱ መታጠፍ የሚታየው ከዚያ ብቻ ነው፤ ከጎን ሆኖ ስላይደር (ወደ ጎን የሚታጠፍ ኳስ) ማየት አይቻልም።

መቺ ለማየት ደረቱ ወደሚያይበት ጎን ሂዱ። በቀኝ የሚመታ ልጅ ደረቱ ወደ አንደኛው ቤዝ ጎን ነው፤ በግራ የሚመታው ወደ ሦስተኛው። ከዚያ ጎን ሆናችሁ እጁን፣ ዳሌውንና የፊት እግሩን አንድ ላይ ታያላችሁ። ከጀርባው ከሆናችሁ የምታዩት ማሊያውን ነው። ጥሩ ልማድ ሦስት ኢኒንግ ከኋላ፣ ሦስት ኢኒንግ ከጎን መቀመጥ ነው።

7. መቺውን በእያንዳንዱ ኳስ መዝግቡት

ሥራው ያለው እዚህ ነው። አብዛኛው ሰው የሚመዘግበው ውጤቱን ነው፦ መታ፣ ወደቀ፣ ወጣ። እናንተ ግን ለእያንዳንዱ ኳስ አራት ነገር ጻፉ፦ ቦልና ስትራይኩ (ከክልሉ ውጪ ያለፈውና በክልሉ ያለፈው ወይም የተሳተው) ስንት እንደደረሰ፣ የኳሱን ዓይነት፣ የት እንዳለፈና ልጁ ምን እንዳደረገ። አንድ መስመር ይበቃል። ለምሳሌ፦

«4ኛ ኢኒንግ። 1 ቦል፣ 2 ስትራይክ። ስላይደር፣ ከውጪው ጠርዝ ወደ ታች። እጁ ተነሳ፣ ቆመ፣ አልሰነዘረም።»

ይቺ መስመር ከአንድ ሆም ረን ይልቅ ብዙ ትነግራችኋለች። ልጁ በሁለት ስትራይክ ተጨንቆ እንኳ ኳሱ ከክልሉ እንደሚወጣ ቀድሞ አውቋል። 95 ማይል በሰዓት የተወረወረ ኳስ ከፒቸሩ እጅ ወጥቶ ሆም ፕሌት ለመድረስ የሚፈጀው 0.4 ሰከንድ ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ መወሰን መቻል በጂም አይመጣም። ለእኔ የኮሌጅ መቺ ትልቁ ሀብት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ሦስት ነገሮችን በተለይ ጠብቁ።

ፈጣን ኳስ ላይ ይዘገያል ወይ? በቀኝ የሚመታ ልጅ ፋስትቦሉን ደጋግሞ ወደ አንደኛው ቤዝ ጎን በፋውል (ከመስመር ውጪ) ካወጣው ዘግይቷል። አንድ ጊዜ ምንም አይደለም። በ91 ማይል ኳስ አራት አምስት ጊዜ ካደረገው ግን በ97 ጨርሶ አይደርስበትም።

ከፍ ብሎ የሚመጣውን ፋስትቦል ምን ያደርገዋል? ፕሮፌሽናሎች ደጋግመው የሚወረውሩት እዚያ ነው። ባቱ ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ልጅ ዝቅተኛውን ኳስ አርቆ ይመታል፣ ከፍ ያለውን ግን ከሥሩ ያልፈዋል።

ሲሳሳት በሚቀጥለው ቀርቦ ይለወጣል ወይ? በመጀመሪያው ቀርቦ በቼንጅአፕ (ፋስትቦል መስሎ በዝግታ በሚመጣ ኳስ) ከተታለለና በሦስተኛው ያንኑ ኳስ ጠብቆ ከመታው ኮከብ አድርጉበት። በሦስቱም በተመሳሳይ መንገድ ከወደቀ ያንንም ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የብረት ባት ድምፅ ያታልላል። ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅ ያለው ምት ቀላል የአየር ኳስ ሊሆን ይችላል። ድምፁን ትታችሁ ኳሱ እንዴት እንደሄደ፣ ተከላካዩም ስንት እርምጃ እንደሮጠ እዩ።

8. ፒቸሩን ከመጀመሪያው እስከሚወጣ ድረስ ተከተሉት

የፋስትቦሉን ፍጥነት በየኢኒንጉ ጻፉ። ለመነሻ እንዲሆናችሁ የሜጀር ሊግ አማካይ ፋስትቦል 94 ማይል አካባቢ ነው። ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። አንዴ 97 የወረወረና ቀሪውን በ92 የሚወረውር ልጅ 92 ወርዋሪ ነው። በአንደኛው ኢኒንግ 95 ሆኖ በአምስተኛው 91 ከሆነ ደግሞ ጀማሪ ፒቸር (ጨዋታውን ከፍቶ ብዙ ኢኒንግ የሚወረውር) ሆኖ መቀጠሉ ያጠራጥራል። ምናልባት አንድ ኢኒንግ ብቻ የሚወረውር ይሆናል፤ ያ ሥራ ዋጋው ያንሳል።

ቀጥሎ ዓይናችሁን ከኳሱ አንሱና ካቸሩ ጓንቱን የት እንዳስቀመጠ እዩ። ኳሱ ሲደርስ ጓንቱ ከቦታው ካልተነቃነቀ ልጁ የፈለገበት ያደርሳል። ጓንቱ በየጊዜው ክልሉን አቋርጦ የሚሮጥ ከሆነ ግን ስትራይክ ቢሆንለትም ያሰበውን አላደረገም። የኮሌጅ መቺ ይህን ስህተት ብዙ ጊዜ አይቀጣውም፤ የሜጀር ሊግ መቺ ግን አይምረውም።

ሦስተኛ፣ ከኋላ ሲሆን (ቦሉ ከስትራይኩ ሲበዛ) ምን ይወረውራል? 2 ቦል 0 ስትራይክ ላይ ሁሉም ፋስትቦል ይጠብቃል። እዚያ ላይ ቼንጅአፕ ወይም ስላይደር ለስትራይክ መወርወር የሚችል ልጅ ብርቅ ነው። ለዚህ ለብቻው ገጽ ክፈቱለት።

ሰው በቤዝ ላይ ሲኖር ደግሞ ሰዓታችሁን አውጡ። ከመጀመሪያው እንቅስቃሴው ኳሱ ጓንት እስኪገባ 1.3 ሰከንድ ተገቢ ነው። 1.5 ከደረሰ ፈጣን ሯጮች ቤዝ ይሰርቁበታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የጉዳት ታሪኩን ሳታጣሩ ፒቸር አትመዝኑ። የክርን ጅማት ቀዶ ጥገና ያደረገ ልጅ ለመመለስ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል። ይህ ከዝርዝር አያስወጣውም፤ ክለቦች እንዲህ ያሉ ልጆችን ይመርጣሉ። ግን ያያችሁት ፍጥነት ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ደግሞም የኮሌጅ ጀማሪ ፒቸር በሳምንት አንድ ቀን ይወረውራል፣ ፕሮፌሽናሉ በየአምስት ስድስት ቀኑ። ትከሻው ለዚያ መልመድ አለበት።

9. እግሩንና ክንዱን በሰዓት ለኩ

ባቱ ኳሱን ሲነካ ጫኑ፤ እግሩ አንደኛውን ቤዝ ሲረግጥ አቁሙ። ርቀቱ 90 ጫማ ነው። በቀኝ ለሚመታ 4.3 ሰከንድ መካከለኛ ነው፤ በግራ ለሚመታ ለቤዙ ስለሚቀርብ 4.2። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የ0.1 ሰከንድ ልዩነት አንድ ደረጃ ነው። በቀኝ መትቶ 4.0 የሚደርስ ልጅ ከፍተኛው ጫፍ ላይ ነው።

የምትለኩት በሙሉ ኃይሉ የሮጠባትን ብቻ ነው። ወደ ፒቸሩ እጅ የገባ ኳስ መትቶ በዝግታ የሮጠውን አትቁጠሩ። ባንት አድርጎ (ባቱን ሳይሰነዝር ኳሱን ብቻ ነክቶ) የተነሣበትም አይቆጠርም፤ ኳሱን ሳይነካ መሮጥ ስለሚጀምር ቁጥሩን ያሳምረዋል።

ለካቸር ደግሞ ኳሱ ጓንቱን ሲመታ ጫኑ፤ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ያለው ልጅ ሲይዘው አቁሙ። 2.0 ሰከንድ መካከለኛ ነው፣ 1.9 በጣም ጥሩ፣ 2.1 ደካማ።

በአንድ ልኬት አትመኑ። የጣት መዘግየት ብቻ 0.1 ሊያመጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሙሉ ደረጃ ነው።

10. የት ይጫወታል? እዚያውስ ይቆያል?

ካቸር፣ ሾርትስቶፕና መሃል አውትፊልድ (ከቤዞቹ ጀርባ ያለው ሜዳ መሃል) ብርቅ ቦታዎች ናቸው። እዚያ የሚቆይ ልጅ መካከለኛ ቢመታም ዋጋ አለው። ወደ አንደኛው ቤዝ ከተሻገረ ግን ዋጋ የሚሰጠው ባቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በጣም መምታት አለበት። ኒክ ከርትዝ የአንደኛ ቤዝ ተጫዋች ሆኖ በ2024 ከዌክ ፎረስት በአራተኛ ምርጫ የተወሰደው ጉልበቱና ኳስ የመለየት ችሎታው ያንን ሸክም ስለሚችል ነው። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ።

የኮሌጅ ሾርትስቶፕ ሁሉ ሾርትስቶፕ ሆኖ አይቀርም። ወደ ቀኙ በጥልቀት ሄዶ፣ እግሩን ሳያስተካክል መወርወር ይችላል? ካልቻለ ደብተራችሁ ላይ «ሁለተኛ ቤዝ» ብላችሁ ጻፉና በዚያ ቦታ መዝኑት።

11. ከ20 እስከ 80 ነጥብ ስጡ

ስካውቶች የሚጠቀሙበት መለኪያ ከ20 ጀምሮ በ80 ያበቃል። መቺ በአምስት ነገር ይመዘናል፦ መምታት፣ ጉልበት፣ ሩጫ፣ ክንድ፣ መከላከል። ፒቸር ደግሞ በእያንዳንዱ የኳስ ዓይነትና በቁጥጥሩ።

50 ማለት የሜጀር ሊግ ተጫዋች መካከለኛ ነው። ይህን ደጋግማችሁ ለራሳችሁ ንገሩ። ብዙ ሰው 50ን እንደ መውደቂያ ነጥብ ያየዋል፤ 50 ግን በዓለም ከባዱ ሊግ ውስጥ መካከለኛ መሆን ነው። 60 ጎልቶ የሚታይ ነው፣ 70 ከጥቂቶቹ አንዱ፣ 80 ደግሞ በአንድ ትውልድ በጣት የሚቆጠር። በአንድ ዓርብ ምሽት 80 ካላችሁ እሑድ ቀዝቀዝ ብላችሁ እንደገና እዩት።

ለእያንዳንዱ ነገር ሁለት ነጥብ ስጡ፦ የዛሬውንና የነገውን። «ጉልበት 40/55» ማለት ዛሬ ገና ነው፣ ሰውነቱ ሲሞላ ግን ከመካከለኛ በላይ ይሆናል ማለት ነው። የነገውን ስትጽፉ ምክንያቱን ከጎኑ አስቀምጡ። ምክንያት ያላገኛችሁለትን ጭማሪ ሰርዙት።

ነጥቡን የባለሙያ ዝርዝሮችን ከማየታችሁ በፊት ስጡ። አንዴ «3ኛ ደረጃ» የሚለውን ካነበባችሁ ዓይናችሁ ያንን ፍለጋ ይሄዳል።

12. ቅደም ተከተሉን ከገንዘቡ ጋር አያይዙ

ጥሩ መመዘናችሁ በስንተኛ ምርጫ እንደሚወሰድ አይነግራችሁም። በመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች እያንዳንዱ ምርጫ የተመደበለት ዋጋ አለው፤ ድምሩ የክለቡ ገንዳ ነው። ክለቡ ከገንዳው ከ5 በመቶ በላይ ካለፈ የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ያጣል። ስለዚህ አንዱን ልጅ በትንሽ ዋጋ አስፈርሞ የተረፈውን ወደ ታች ላለ ልጅ ያውላል። በ2024 አንደኛ የተመረጠው ትራቪስ ባዛና 8.95 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቼስ በርንስና ቻርሊ ኮንደን እያንዳንዳቸው 9.25 ሚሊዮን ወሰዱ።

አራተኛ ዓመቱን የጨረሰ ልጅ «እመለሳለሁ» ብሎ መደራደር ስለማይችል ብዙ ጊዜ በትንሽ ይፈርማል። ከችሎታው ቀድሞ ሲጠራ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ጥንቃቄ

ከተጫዋቹም ሆነ ከወላጆቹ ጋር ስለ ፊርማና ገንዘብ አታውሩ። የኮሌጅ ስፖርት የወኪል ሕግ ጥብቅ ነው፤ በቅን ልቦና የተባለ ነገር ልጁን ጥያቄ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።

ቪዲዮ ለማንሣት ትሪፖድ ከመትከላችሁ በፊት የሜዳውን ሠራተኛ ጠይቁ።

ያያችሁትን ደካማ ጎን በስሙ እየጠራችሁ አትለጥፉ። የ20 ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱም ታነበዋለች።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

በአንድ ጨዋታ መፍረድ ዋናው ነው። መቺ በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ቢቀርብ ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ የሳምንት መጨረሻ እዩት፤ ከተቻለ አንዱ ሳምንት በማርች፣ አንዱ በሜይ ይሁን። በማርች ብርድ ያልመታ ልጅ በሜይ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በማርች ፈጣን የነበረ ፒቸርም በሜይ ደክሞ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ቁመናን መመዘን ነው። ቁመቱ ረዘም፣ ትከሻው ሰፋ ያለ ልጅ ገና ሳይጫወት ነጥብ ያገኛል። ባዛና ስድስት ጫማ የሚያህል ሁለተኛ ቤዝ ነው፤ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ።

ሦስተኛው የሰሌዳውን ፍጥነት እንዳለ መጻፍ ነው። አንዳንዱ ሜዳ ላይ ራዳሩ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ከኋላ የተቀመጡት ስካውቶች የያዙትን ራዳር ቁጥር ከሰሌዳው ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ሁሌም አንድ ከሆነ ያንኑ ቀንሱ ወይም ጨምሩ።

አራተኛው ደብተሩን ከድራፍቱ በኋላ መጣል ነው። የተፈረመው ልጅ ብዙ ጊዜ በዚያው ክረምት ወይም በሚቀጥለው ዓመት በታችኞቹ ሊጎች ይጀምራል። ከዋሽንግተን በስተደቡብ ፍሬድሪክስበርግ ላይ የዋሽንግተኑ ክለብ የናሽናልስ የታችኛው ቡድን አለ። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወደ አንደኛው ቤዝ እንደገና ለኩት፣ ከስላይደሩ ፊት የሚያደርገውንም በአዲስ ቀለም ከድሮው መስመር ሥር ጻፉ።